በነዳጅ ታንክ ውስጥ የሰመጠ ተንሳፋፊ ጣሪያ፦ በደኅና የማንሣት ፊዚክስ

አንድ ሰፊ በርሜል ውኃ ሞልተን በላዩ ባዶ ሳፋ ብናስቀምጥ ሳፋው ይንሳፈፋል። በሳፋው ውስጥ በኩባያ ውኃ እየጨመርን ብንሄድ ደግሞ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል፤ ጥቂት ቆይቶም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ያዘነበለ እንደሆነ ውስጡ ያለው ውኃ ሁሉ ወደ ዝቅተኛው ጎን ይሮጥና በአንድ አፍታ ያሰምጠዋል። ይህን ልብስ አጥቦ የሚያውቅ ሰው ሁሉ አይቶታል። በነዳጅ ማከማቻዎች ከሚደርሱት ከባድ አደጋዎች የአንዱ መነሻም ከዚህ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ ሳፋው 60 ሜትር ስፋት ያለው ብረት፣ በርሜሉ ውስጥ ያለውም ውኃ ሳይሆን ቤንዚን ወይም ድፍድፍ ነዳጅ መሆኑ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጥያቄ የሚከተለው ነው። በነዳጅ ታንክ ላይ የሚንሳፈፍ ጣሪያ ቢሰምጥ በደኅና ሊመለስ የሚችለው እንዴት ነው? መልሱ ብዙዎች እንደሚጠብቁት ጠንካራ ክሬን በማምጣት አይጀምርም። እንዲያውም ከሁሉ በኋላ የሚታሰበው ጣሪያው ራሱ መሆኑን ወደ ፊት እናያለን።

ጣሪያው ለምን እንዲንሳፈፍ ተደረገ?

ቤንዚንና እርሱን የመሰሉ ቀላል ፈሳሾች በተራ የአየር ሙቀት እንኳ በብዛት ይተናሉ። ታንኩ ቋሚ ጣሪያ ቢኖረው በፈሳሹና በጣሪያው መካከል ባዶ ቦታ ይኖራል፤ ያም ቦታ በተንና በአየር ድብልቅ ይሞላል። የቤንዚን ተን ከአየር ጋር ተደባልቆ በይዘት ከ1.4 እስከ 7.6 ከመቶ ሲደርስ አንዲት ብልጭታ ታቀጣጥለዋለች። ስለዚህ መሐንዲሶች ባዶውን ቦታ ጨርሶ የሚያስቀር ዘዴ ፈጠሩ። ጣሪያውን በድፎ ዳቦ ሊጥ ላይ እንደሚለበስ የኮባ ቅጠል በፈሳሹ ገጽ ላይ አሳረፉት። ነዳጁ ሲጨመር ጣሪያው ከፍ ይላል፤ ሲቀዳ ዝቅ ይላል። በጣሪያው ጠርዝና በታንኩ ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት በማሸጊያ ይደፈናል። ተን የሚወጣበት ገጽ ስለሌለ ብክነቱም አደጋውም እጅግ ይቀንሳል።

በብዛት የሚሠራው ዓይነት ጣሪያ መካከሉ ስስ የብረት ዝርግ ሲሆን፣ ዙሪያውን ፖንቱን የሚባሉ አየር የያዙ የብረት ሣጥኖች እንደ ቀለበት ይከቡታል። የሚያንሳፍፉት እነዚህ ሣጥኖች ናቸው። ዝናብ ሲዘንብ ውኃው በመካከሉ ተሰብስቦ በነዳጁ ውስጥ በሚያልፍ ተጣጣፊ ቱቦ ወደ ውጭ ይወርዳል። ታንኩ ሲጎድል ደግሞ ጣሪያው ከሥሩ በተተከሉ እግሮች ላይ ያርፋል።

ዝናብ ስንት ይመዝናል?

ጣሪያው ለምን እንደሚሰምጥ ለመረዳት ቀላል ስሌት እንሥራ። የታንኩ ዲያሜትር 60 ሜትር ቢሆን የጣሪያው ስፋት 2,827 ሜትር ካሬ ያህል ነው። የጣሪያው ክብደት 200 ቶን፣ የፈሳሹም እፍግታ በሜትር ኩብ 700 ኪሎ ግራም ነው እንበል። በአርኪሜዲስ ሕግ መሠረት ጣሪያው ክብደቱን የሚያክል ፈሳሽ መግፋት አለበት። ይህም 286 ሜትር ኩብ ነው፤ በጣሪያው ስፋት ስናካፍለው በአማካይ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል።

አሁን መውረጃው ቱቦ ተደፍኖ ሳለ 250 ሚሊ ሜትር ዝናብ ዘነበ እንበል። ይህ ውኃ 707 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 707 ቶን ነው። ይህም የጣሪያውን ክብደት ከሦስት ተኩል እጥፍ በላይ ያህላል። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት 650ኛ ስታንዳርድ መውረጃው ተዘግቶ ሳለ በ24 ሰዓት የሚወርድ 250 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጣሪያውን እንዳያሰምጠው የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው። የመካከሉ ዝርግና ሁለት ጎረቤት የፖንቱን ክፍሎች ቢቀደዱም ጣሪያው መንሳፈፉን እንዲቀጥል ይጠይቃል። ሆኖም ዝናቡ ከዚያ ሲበልጥ፣ ወይም ፖንቱኖቹ በዝገት ተበስተው ቀደም ብለው ፈሳሽ ጠጥተው ሲገኙ፣ መጠባበቂያው ያልቃል። ስሱ ዝርግ በውኃው ክብደት ይጎደጉዳል፤ የጎደጎደው ተጨማሪ ውኃ ይሰበስባል። ጣሪያው ካዘነበለም ውኃው እንደ ሳፋው ወደ ዝቅተኛው ጎን ይሮጣል። ሂደቱ ራሱን በራሱ እያባባሰ ይሄዳል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ስሌት አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ በአሜሪካ የቴክሳስ ጠረፍ ላይ ባወረደው ከባድ ዝናብ ከአሥር በላይ ተንሳፋፊ ጣሪያዎች ተጎድተዋል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2001 ደግሞ በሉዊዚያና ግዛት ኖርኮ በተባለ ቦታ 82 ሜትር ስፋት ያለው የቤንዚን ታንክ ጣሪያ በዝናብ ብዛት በከፊል ሰመጠ። ከዚያም መብረቅ የተገለጠውን ቤንዚን አቀጣጠለው።

የቶማኮማይ ሁለት ቀናት

ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠን ግን በጃፓን የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 26 ቀን 2003 ማለዳ በሆካይዶ ደሴት አቅራቢያ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሣ። የቶማኮማይ ከተማ ከመነሻው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በዚያ የሚገኘው የነዳጅ ማጣሪያ ታንኮች ግን ከባድ ጉዳት ደረሰባቸው። ምክንያቱ ምን ነበር?

በታንክ ውስጥ ያለ ፈሳሽ እንደ ዥዋዥዌ የራሱ የሆነ የመወዛወዣ ጊዜ አለው። 43 ሜትር ያህል ስፋትና 20 ሜትር ያህል ጥልቀት ላለው ፈሳሽ ይህ ጊዜ 7 ሰከንድ ገደማ ነው። ከሩቅ የሚመጡ የመሬት ሞገዶች ፈጣኖቹ በመንገድ ይደክማሉ፤ ዝግተኞቹ ግን ረጅም ርቀት ይጓዛሉ። ዥዋዥዌን በልኩ ጊዜ እየገፋን ከፍ እንደምናደርገው ሁሉ፣ የዝግተኞቹ ሞገዶች ጊዜ ከፈሳሹ መወዛወዣ ጊዜ ጋር ሲገጥም ፈሳሹ እየተናጠ በላዩ ያለውን ጣሪያ ያንገላታዋል። የፊዚክስ ተማሪዎች ይህን ሪዞናንስ በሚለው ስሙ ያውቁታል።

መሬቱ እንደ ተንቀጠቀጠ ወዲያውኑ አንድ የድፍድፍ ነዳጅ ታንክ ተቃጠለ፤ እርሱም በዚያው ቀን ጠፋ። በሌላ ታንክ ደግሞ የተጎዳው ጣሪያ ሰመጠ። በዚህ ታንክ የነበረው ፈሳሽ በዓለም አቀፍ አጠራሩ «ናፍታ» ይባላል። አንባቢ እኛ በተለምዶ ናፍታ ከምንለው የመኪና ነዳጅ ጋር እንዳያምታታው እናሳስባለን። ይህኛው እንደ ቤንዚን ቀላልና ፈጥኖ የሚተን ፈሳሽ ነው። ሠራተኞቹ ተኑን ለማፈን በተገለጠው ፈሳሽ ላይ የእሳት ማጥፊያ አረፋ ረጩ። ጥንቃቄ ነበር። ሆኖም አረፋው እየፈረሰ ሄደ፤ ከመንቀጥቀጡ ሁለት ቀን በኋላም፣ መስከረም 28 ቀን፣ ታንኩ በሙሉ ገጹ ተቀጣጠለ። እሳቱ 44 ሰዓት ያህል ነደደ። ከውጭ የመጣ እሳት አልነበረም። ጉዳዩን የመረመሩ ባለሙያዎች ይበልጥ ሊሆን የሚችለው መነሻ ራሱ አረፋው የፈጠረው የስታቲክ ኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው ብለዋል።

አንድ ጠብታ ውኃ ምን ያደርጋል?

አረፋ አብዛኛው ውኃ ነው። በፈረሰ ቁጥር ከሥሩ ጥቃቅን የውኃ ጠብታዎች ይወርዳሉ። ጠብታው በነዳጅ ውስጥ ሲሰምጥ በሁለቱ ፈሳሾች መገናኛ ላይ የኤሌክትሪክ ሙል ይለያያል። ጠብታው አንዱን ዓይነት ሙል ይዞ ይወርዳል፤ ተቃራኒው ሙል ወደ ኋላ ይቀራል። ነዳጁ ኤሌክትሪክ በደንብ የሚያስተላልፍ ቢሆን ኖሮ ሙሉ ወዲያው ተመልሶ ይገናኝ ነበር። ንጹሕ ነዳጅ ግን አስተላላፊነቱ እጅግ ደካማ ነው።

ሙል በፈሳሽ ውስጥ ለመርገብ የሚፈጅበትን ጊዜ ለማግኘት የፈሳሹን ፐርሚቲቪቲ ለአስተላላፊነቱ ማካፈል ይበቃል። አስተላላፊነቱ በሜትር 1 ፒኮ ሲመንስ ለሆነ ነዳጅ መልሱ 18 ሰከንድ ያህል ነው። «እንግዲያው አንድ ደቂቃ ብንጠብቅ አይበቃምን?» የሚል ተማሪ ይኖራል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የሚረግበው ቀድሞ የተፈጠረው ሙል ነው። ጠብታዎች እየወረዱ እስካሉ ድረስ አዲስ ሙል ይፈጠራል። ታዲያ ጠብታው ለመውረድ ምን ያህል ይቆያል? ዲያሜትሩ 0.1 ሚሊ ሜትር ለሆነ ጠብታ የስቶክስ ሕግ በሰከንድ 3.3 ሚሊ ሜትር ያህል ፍጥነት ይሰጠናል። 10 ሜትር ጥልቀት ያለውን ፈሳሽ ለማቋረጥ 50 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። አረፋው በፈረሰ ቁጥር ይህ ሁሉ እንደገና ይጀምራል። በነዳጅ ማከማቻዎች ትልቅ ታንክ ከተሞላ በኋላ ለመለካት መሣሪያ ከማውረድ በፊት 30 ደቂቃ የሚጠበቀው በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

የቤንዚን ተንና አየር ድብልቅን ለማቀጣጠል 0.2 ሚሊ ጁል ያህል ኃይል ይበቃል። በደረቅ አየር የበር እጀታ ስንነካ እጃችንን ቆንጠጥ የሚያደርገው ብልጭታ እንዲሰማን 1 ሚሊ ጁል ያህል መሆን አለበት። በሌላ አነጋገር፣ ታንኩን የሚያቃጥለው ብልጭታ እጃችን እንኳ ላይሰማው ይችላል።

ከቶማኮማይ የምንረዳው አረፋ አያስፈልግም ማለትን አይደለም። የተገለጠ ነዳጅ ተኑን እየለቀቀ እንዲቆይ መተውም የራሱ አደጋ አለው። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ የታንኩን ግድግዳ ተሻግሮ በመሬት ላይ እየተሳበ ሩቅ ሊሄድ ይችላል። ዋናው ነገር የሰመጠን ጣሪያ ለመመለስ የምናደርገው እያንዳንዱ እርምጃ አንድ ነገር እንደሚያናውጥ ማወቅ ነው። ጥያቄው «ምን እናድርግ?» ብቻ ሳይሆን «በምን ቅደም ተከተል?» የሚል መሆን አለበት።

መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ተን፣ ከዚያ ፈሳሽ፣ በመጨረሻ ጣሪያ

አንደኛ፤ ሰውን ማራቅ። ጣሪያው ማዘንበሉ ወይም መስመጡ እንደ ታወቀ ወደ ታንኩ የሚገባውም የሚወጣውም ፈሳሽ ይቆማል፤ በአካባቢው ተሽከርካሪ፣ ብየዳና ማናቸውም የእሳት ምንጭ ይታገዳል። ከባዱ ፈተና ጣሪያው በከፊል ብቻ ሲሰምጥ የሚመጣው ነው። «አንድ ሰው በመሰላሉ ወርዶ መውረጃውን ቢከፍት ይተርፋል» የሚል ሐሳብ ይነሣል። ይህ ሰው ወደሚሰምጥ ሳፋ መውረዱ ነው። ክብደቱ ጥቂት ቢሆንም ያዘነበለው ጣሪያ ሚዛን በማንኛውም ሰከንድ ሊለወጥ ይችላል፤ በላዩ ያለው አየርም ሊያፍነው ይችላል። ማንም አይወርድም።

ሁለተኛ፤ ተኑን ማፈን። አረፋ የሚረጭ ከሆነ ሁለት ሁኔታዎች መሟላት አለባቸው። አረፋው ወደ ፈሳሹ ተወርውሮ የሚገባ ሳይሆን በግድግዳው ላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ መሆን አለበት፤ የተወረወረ አረፋ ውኃን ወደ ነዳጁ ጥልቀት ያስገባልና። ደግሞም ሽፋኑ ሳይቀደድ እስከ ሥራው ፍጻሜ ለማደስ የሚበቃ ክምችት መኖር አለበት። ተጀምሮ የሚተው አረፋ ጠብታውን አውርዶ ገጹን መልሶ ይገልጣል። ሁለቱን አደጋዎች በአንድነት ያመጣል ማለት ነው። መብረቅ ያለበት ደመና እየመጣ ከሆነ፣ ነፋሱም ወደ ሰዎች የሚነፍስ ከሆነ ውሳኔው ወደ መሸፈን ያደላል።

ሦስተኛ፤ ፈሳሹን ቀስ ብሎ ወደ ሌላ ታንክ ማዛወር። የዝግታው ምክንያት ብዙ ነው። የሰመጠው ጣሪያ አንድ ጎኑ በግድግዳው ተይዞ ሌላው ወርዶ ሊሆን ይችላል። ፈሳሹ ሲጎድል ድንገት ተላቆ ቢወድቅ ብረት ከብረት ይጋጫል። የመቅጃው ቧንቧ አፍም በጣሪያው ሊደፈን ይችላል። ከጣሪያው ጋር የተያያዘው የከፍታ መለኪያም ከእንግዲህ እውነት አይናገርም። ስለዚህ ከፍታው ከታንኩ ሥር በሚገጠም የግፊት መለኪያ ይታወቃል። ለምሳሌ እፍግታው በሜትር ኩብ 700 ኪሎ ግራም የሆነ ፈሳሽ በ10 ሜትር ጥልቀት 68.6 ኪሎ ፓስካል ግፊት ያሳያል። ግፊቱ በግማሽ ሲቀንስ ፈሳሹም በግማሽ ጎድሏል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ማንም ሰው በታንኩ አፍ ላይ መቆም አያስፈልገውም።

አራተኛ፤ ቀሪውን ማውጣት። በ60 ሜትር ታንክ ውስጥ 1 ሜትር ፈሳሽ ቢቀር 2,827 ሜትር ኩብ ነው። 45 ሺህ ሊትር በሚጭኑ ቦቴዎች ቢቆጠር 63 ቦቴ ያህል ይሆናል። «ጥቂት ቀረ» የሚለው አነጋገር እዚህ ቦታ የለውም። አንዳንድ ጊዜ ከሥር ውኃ በማስገባት ቀሪው ነዳጅ ወደ መቅጃው ከፍታ እንዲነሣ ይደረጋል። ውኃው በዝግታ ካልገባ ግን ስለ ጠብታዎች ያልነው ሁሉ ይመለሳል። ወደ ታንክ የሚገባ ፈሳሽ የመግቢያው አፍ እስኪሸፈን ድረስ በሰከንድ ከ1 ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት እንዲገባ የሚደረገው ለዚህ ነው።

አምስተኛ፤ አየሩን ማጽዳት። ታንኩ ከተራቆተ በኋላ በማናፈሻ አየር ይለወጣል። ተኑ ከመቀጣጠያው ዝቅተኛ ወሰን አንድ አሥረኛ በታች እስኪወርድ፣ ማለትም ለቤንዚን በይዘት ከ0.14 ከመቶ በታች እስኪሆን፣ እሳት ያለበት ሥራ አይጀመርም። ኦክስጅንም ቢያንስ 19.5 ከመቶ መሆን አለበት። ድኝ ያለበት ድፍድፍ ነዳጅ በቆየበት ታንክ ሌላ ስውር ጠላት አለ። በብረቱ ላይ የተፈጠረው የብረት ሰልፋይድ ደርቆ አየር ሲያገኝ ያለ ብልጭታ በራሱ ይግላል፤ ሊቀጣጠልም ይችላል። ስለዚህ እስኪወገድ ድረስ በውኃ እንዲርስ ይደረጋል።

ጣሪያው እንዴት ይነሣል?

አሁን ወደ ጣሪያው ደረስን። በነዳጁ ውስጥ ሳለ ለምን በክሬን አልተጎተተም? ፖንቱኖቹ ከተሞሉ ጣሪያው የሚገፋው ፈሳሽ የብረቱን ይዘት ያህል ብቻ ነው። የብረት እፍግታ በሜትር ኩብ 7,850 ኪሎ ግራም ስለሆነ የፈሳሹ ድጋፍ ከክብደቱ 9 ከመቶ ብቻ ይሆናል። 200 ቶን የነበረው በፈሳሹ ውስጥም 182 ቶን ይመዝናል። በዚያ ላይ ስስ ዝርጉ ከአንድ ነጥብ ሲጎተት ይቀደዳል፤ ጠርዙም ግድግዳውን ይፍቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በተን መካከል ነው።

ታንኩ ከተራቆተና ከጸዳ በኋላ ግን ሥራው የተለመደ የብረት ሥራ ይሆናል። እግሮቹ ተጣመው ሊሆን ስለሚችል ማንም ከጣሪያው ሥር ከመግባቱ በፊት ጣሪያው በተደራረበ እንጨት ወይም በብረት ምሰሶ ይደገፋል። እያንዳንዱ የፖንቱን ክፍል ለብቻው ይከፈታል፤ ለብቻውም ይለካል። ታንኩ በሙሉ ጸድቶ ሳለ አንድ የተዘጋ ክፍል ጥቂት ነዳጅ ይዞ ቢገኝ ለበያጁ ሞት ነውና። ከዚያም ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፤ የተጣመመው ይቀናል ወይም ተቆርጦ ይለወጣል፤ ማሸጊያውና መውረጃው ቱቦ ይታደሳሉ።

የመጨረሻው ፈተና የአርኪሜዲስ ነው። ታንኩ ቀስ በቀስ በውኃ ይሞላል፤ ጣሪያው ከድጋፉ ተነሥቶ ሳያዘነብልና ሳይያዝ እስከ ላይ መውጣት፣ ተመልሶም መውረድ አለበት። በዚህ ጊዜ ክፍሎቹ አንድ በአንድ እየተከፈቱ ውኃ መግባት አለመግባቱ ይታያል። ውኃ ከነዳጅ ይልቅ ከባድ ስለሆነ ጣሪያው በነዳጅ ላይ ከሚሆነው ከፍ ብሎ እንደሚንሳፈፍ መዘንጋት የለበትም። በውኃ ላይ ደኅና መሆኑ በነዳጅ ላይ የሚቀርለትን መጠባበቂያ አያሳይም፤ እርሱ በስሌት ይረጋገጣል።

ማጠቃለያ

የሰመጠ ጣሪያ ከሰመጠ በኋላ ራሱ ማንንም አይጎዳም፤ በታንኩ ግርጌ የተኛ ብረት ነው። የሚጎዳው በላዩ የተገለጠው ፈሳሽና የእኛ ጥድፊያ ነው። በቶማኮማይ በመጀመሪያው ሰዓት ያልነደደው ታንክ ከሁለት ቀን በኋላ መንደዱ ይህን ያስታውሰናል። ወደ አገራችን የሚገባው ነዳጅ በአብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ታንኮች አልፎ በቦቴ ይመጣል። ከአንባብያን መካከልም ነገ በእንዲህ ያለ ማከማቻ በኃላፊነት የሚሠሩ ይኖራሉ። በዚያን ጊዜ «ቶሎ አውጡት!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ቆም ብሎ ስለ ጠብታው፣ ስለ ተኑና ስለ ሰው ማሰብ የተማርነው ፊዚክስ የሚሠራበት ሰዓት ነው።

ለተማሪዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

1. ዲያሜትሩ 40 ሜትር በሆነ ጣሪያ ላይ 100 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተሰብስቦ ቢቀር ስንት ቶን ይሆናል? (መልሱ 126 ቶን ያህል ነው፤ እንዴት እንደ ተገኘ አሳዩ።)

2. የውኃው ጠብታ ዲያሜትር በግማሽ ቢቀንስ 10 ሜትሩን ለማቋረጥ የሚፈጅበት ጊዜ በስንት እጥፍ ይጨምራል? ይህስ በመጠበቂያው ጊዜ ላይ ምን ትርጉም አለው?

3. በጽሑፉ የጠቀስነው የ200 ቶን ጣሪያ በውኃ ላይ ሲንሳፈፍ ስንት ሜትር ኩብ ይገፋል? በነዳጅ ላይ ከሚገፋው 286 ሜትር ኩብ ጋር አነጻጽሩ።

4. በመግቢያው የገለጽነውን የሳፋ ሙከራ ሥሩ። በሳፋው ውስጥ ውኃው ወዲያ ወዲህ እንዳይሮጥ አራት ክፍሎች ብታበጁለት የሚሰምጠው ምን ያህል ውኃ ሲጨመርበት ነው? ሙከራውን በውኃ ብቻ ሥሩ፤ በነዳጅ ፈጽሞ አትሞክሩ።